የግራጫው ቀሚስ አራት ስፌቶች

የሰፈሩ ሰው እትዬ መርፌ ይላታል። ስሙን ያወጣላት ከጎኗ የሚሠራው ጫማ ጠጋኝ ነው። ቀጭን ስለሆነች አይደለም፤ ምላሷ ስለሚወጋም አይደለም፤ ሁለቱም እውነት ቢሆኑም። ሥራ ስትይዝ ከንፈሯ መሃል ስፒል ደርድራ ስለምታወራ ነው። ስፒሉን ይዛ ትስቃለች፣ ስፒሉን ይዛ ትቆጣለች፣ ስፒሉን ይዛ ትጸልያለች። ጫማ ጠጋኙ አንድ ቀን፣ ይሄን ያህል ብረት በአፍሽ ይዘሽ ፈጣሪ ጸሎትሽን እንዴት ይሰማዋል ቢላት፣ ያንተን መዶሻ የቻለ ጆሮ የኔ ስፒል ያቅተዋል ወይ አለችው።

ሥራዋም ኑሮዋም አንዲት ክፍል ናት። መሃሏን መጋረጃ ይከፍላታል። በመንገዱ በኩል ካለው መስኮት ሥር የስፌት መኪናው አለ፤ ፔዳሉ ላይ እግሯ የሚያርፍበት ቦታ ተበልቶ እንደ ማንኪያ ጎድጉዷል። ከመጋረጃው ወዲያ ሁለት አልጋ፣ አንድ ምድጃ፣ አንድ ጠረጴዛ። ግድግዳው ላይ ደግሞ ምስማር በምስማር ነው፤ በየምስማሩ ክር ተንጠልጥሏል።

ክሩ የሰው ልክ ነው። እትዬ መርፌ ትምህርቷ ሦስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ቁጥር ታውቃለች፤ ወረቀት ላይ የተጻፈ ቁጥር ግን አታምንም። ወረቀት ይረጥባል፣ ይጠፋል፣ አይጥ ይበላዋል። ስለዚህ ደንበኛ ሲመጣ ወፍራም ነጭ ክር ታወርድና ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስራለች። ከቀዩ ጀምራ ለትከሻ አንድ ቋጠሮ፣ ለወገብ ድርብ ቋጠሮ፣ ለደረት አንድ፣ ለዳሌ አንድ ትቋጥራለች። ምስማሩም የማን እንደሆነ በልቧ ነው። ጫማ ጠጋኙ በገባ ቁጥር፣ እዚህ ቤት ያልተሰቀለ ሰው የለም ይላል።

አንዲት ሴት ልጅ አለቻት። ስትወለድ እጅና እግሯ ላይ እጥፋት እንጂ መገጣጠሚያ አይታይም ነበርና ድንቡሼ ተባለች፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗትም ድንቡሼ ናት። ትምህርቷን የጨረሰች ቀን እናቷ ቀሚስ ሰፋችላትና ክሯን ሰቀለችው። ከዚያ ወዲያ ለክታት አታውቅም። የገዛ ልጄን በዓይኔ አውቃታለሁ፣ ለሷ ደግሞ ክር ምን ያደርጋል ትላለች። የራሷ እያረረባት የሰው የምታማስል መሆኗን ያኔ ማን ይንገራት።

እትዬ መርፌ ጸሎት ትወዳለች። ባሏ መኪና ሲነዳ ሞቶ ልጅቷን በጀርባዋ ባዘለችበት ጊዜ፣ የጸሎት ቤቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው ያለቀሰችው፤ ያጽናናትም ጸሎቱ ነው። ልጅቷ ግን እዚያ ስትገባ እንቅልፍ ይወስዳታል። ከፍ ስትል ደግሞ ሳቅ ይይዛታል። የፊተኛው ሰውዬ ጆሮ ሲንቀሳቀስ አይታ በሳቅ ፍርስ ብላ፣ እናቷ ጎትታ ያስወጣቻት ቀን አለ። እትዬ መርፌ በዚያ አፍራ፣ ይህችን ልጅ አንድ ቀን ልብ ስጣት እያለች ስትለምን ኖረች። የለመነችው ደረሰላት። ከነትርፉ ደረሰላት።

በጸሎት ቤቱ ጓሮ ባለች ክፍል ወጣቶች ይሰበሰቡ ጀመር። ራሳቸውን ትጉዎች ብለው ነበር። የሚመራቸው የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነው፤ ሰዉ ትንሹ መምህር ይለዋል። ድንቡሼ የኮፒ ቤት ሥራዋን ስትጨርስ ወደዚያ መሄድ ያዘች። መጀመሪያ ደስ የሚል ነገር ነበረው። ዕቃ ሳይነገራት ታጥባለች፣ ጠዋት ሳትቀሰቀስ ትነሳለች፣ አፏ ቀና ሆነ። እትዬ መርፌ ለጫማ ጠጋኙ፣ አየኸው ልፋቴን አለችው። እሱም፣ ቆይ እስቲ፣ አዲስ ጫማ ሁሉ መጀመሪያ ያምራል፣ የሚያሳክከው ኋላ ነው አላት። በዚህ ተኳርፈው ሁለት ቀን ሰላም ሳይባባሉ ዋሉ።

ከዚያ ልጅቷ አበባ ያለባቸውን ቀሚሶቿን አውጥታ ለሰው ሰጠች። ሬዲዮኑን ለጎረቤት ሰጠች፤ ሬዲዮኑ የእናቷ ነበር። ምንም የሌለበት ግራጫ ቀሚስ ስፊልኝ አለች። እትዬ መርፌ በአሮጌው ክር ለክታ ሰፋችላት። እንደ ልማዷ በየጎኑ ሰፊ ትርፍ ጨርቅ አስቀረች፤ ለልጅ ሲሰፋ ትርፉ አይቆረጥም፣ ልጅ ያድጋል የሚል የቆየ ልማድ አላት።

ጾሙ መጣ። መጀመሪያ በሳምንት አንድ ቀን፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ ውኃም የማይቀመስበት። በሚፈታበት ቀን እንኳ ሁለት ማንኪያ ሾርባ አድርጋ ሳህኑን ትገፋዋለች። የሰፈሩ ልጆች ትጉዎችን ነፋስ በሌዎች ብለው ይጠሯቸው ጀመር። እትዬ መርፌ ለመነች፣ ተቆጣች፣ ድንች ጠብሳ ሽታው እንዲጠራት ከመጋረጃው አጠገብ አስቀመጠች። ልጅቷ ግን መልስ አታጣም፤ መልሷም የእናቷ የራሷ ቃል ነው።

"አንቺ አይደለሽ ከሆድሽ በፊት ፈጣሪሽን አስቢ እያልሽ ያሳደግሽኝ?"

"ከሆድሽ በፊት አልኩ እንጂ ሆድሽን ጣይው አልኩሽ?"

"እማዬ፣ አንቺ በግማሽ ነው የምታምኚው።"

ይህችን ቃል እትዬ መርፌ አልረሳቻትም። ሃያ ዓመት ሙሉ ፔዳል በረገጠች ቁጥር ተመስገን ያለች ሴት፣ በገዛ ልጇ ግማሽ ተባለች።

በዚህ መሃል ነው ያ ነገር የሆነው። ልጅቷ አንድ ቀን፣ እማዬ፣ ቀሚሱ ሰፋኝ፣ ትንሽ አጥብቢልኝ አለቻት። እትዬ መርፌ ሰፋኝ ሲሏት እጇ ራሱ ያውቃል። ስፒሉን በአፏ አድርጋ ቀሚሱን ከጎኑ ሰበሰበች፣ አንድ ጣት አስገባች፣ ሰፋችው፣ ተኮሰችው። ቀሚሱ ልክክ አለ። ልጅቷ ቀጥ ብላ ስትሄድ ስታይ፣ ፊቷ ጠቆር አለ እንጂ ሰውነቷስ ደኅና ነው ብላ ተጽናናች። ከወር በኋላ እንደገና አጠበበች። እንደገና። ጎረቤቶች ሳይቀሩ ልጅሽ ልብስ ያምርባታል ይሏት ነበር፤ እሷም በሥራዋ ደስ ይላት ነበር። አራተኛውን ካጠበበች ሳምንት ሳይሞላ ድንቡሼ ኮፒ ቤት ወረቀት ስታነሳ ወደቀች። ግንባሯ የማሽኑ ጠርዝ ላይ ተሰነጠቀ።

የሐኪም ቤቱ ነርስ እትዬ መርፌን ለብቻዋ ጠርታ አልደበቀቻትም። ደሟ አልቋል፣ ልቧ አመታቱ እየተዛባ ነው፣ እንዲህ ከቀጠለች ሁለተኛ ስትወድቅ ላትነሳ ትችላለች አለቻት። የሚዋጥ መድኃኒትና የምግብ ትእዛዝ ሰጠቻቸው። ልጅቷ መድኃኒቱን ተቀብላ አመሰገነች። ቤት ስትገባ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችው፤ ከዚያም አልወጣም።

እትዬ መርፌ በመጀመሪያ የጸሎት ቤቱን አዛውንት ሰባኪ ሄዳ አናገረች። ደግ ሰው ናቸው፤ ባሏን የቀበሩላት እሳቸው ናቸው። አዳመጧት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ወጣት ሲያምን እንዲህ ትኩስ ነው፣ አይዞሽ ይበርዳል አሏት።

"አባባ፣ ሬሳም ይበርዳል" አለቻቸውና ወጣች።

መንገድ ላይ ሽማግሌ እንዲያ መናገሯ ጸጸታት። ጸጸቱ ግን ንዴቷን አላበረደውም። በዚያው እግሯ ወደ ጓሮው ክፍል ገባች። ትንሹ መምህር ብቻውን አግዳሚ ወንበር እያስተካከለ ነበር። ተነሥቶ ወንበር ሰጣት፣ እናቴ ይቀመጡ አላት። እሷ ለጠብ የመጣች ሴት፣ ጨዋ ሆኖ ሲጠብቃት የባሰ ተናደደች። ግድግዳው ላይ ትልቅ ወረቀት ተለጥፏል። የልጆቹ ስም በግራ፣ በየስሙ ፊት የጾሙት ቀን በጭረት። ማንበብ ቢያስቸግራትም የልጇን ስም ታውቀዋለች። ከላይ ሁለተኛ ነበር። የመጀመሪያው የሱ የራሱ ነው።

የነርሷን ቃል ነገረችው። እሱ ዓይኑን ወደ መሬት አደረገ።

"እናቴ፣ ማንም አላስገደዳትም። እኔ ራሴ ቀንሺ ብያት ነበር። አንተ ሳትቀንስ እኔ ለምን እቀንሳለሁ ነው ያለችኝ።"

"እንግዲያው ቀንስ።"

"እኔ ከቀነስኩ እነሱ ማንን ያያሉ?"

"ወረቀቱንስ? አትቀደውም?"

"እሱን ሁላችንም ነን የለጠፍነው። የኔ ብቻ አይደለም።"

ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ሌባ ቢሆን ትጮህበታለች፤ አታላይ ቢሆን ታዋርደዋለች። ይሄ ግን ልጅ ነው። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ምላሷ ላይ የነበረው ስድብ ሁሉ ማረፊያ አጣ። ስታየው፣ የሙያ ነገር ሆኖ ዓይኗ ኮሌታው ላይ አረፈ። ቁልፉ እስከ ላይ ተቆልፏል፤ በኮሌታውና በአንገቱ መሃል ግን ጭብጧ ይገባል። ትከሻው ወደ ክንዱ ወርዷል። መስቀያ ላይ ያለ ሸሚዝ እንኳ ከዚህ ይሻላል።

"ይሄን ሸሚዝ ማን ገዛልህ?" አለችው።

"እናቴ። አምና።"

"ለምን አታስጠብበውም?"

"ማን ያጠብብልኛል? እናቴ ባየችው ቁጥር ታለቅሳለች።"

እትዬ መርፌ ከተቀመጠችበት ተነሣች። ደኅና ዋል ማለቷንም አታስታውስም። የሰው እናት ሸሚዙን አይታ ታለቅሳለች። የሌሎቹም ልጆች ልብስ እንደዚሁ ተንጠልጥሎባቸው ሰው ያያቸዋል፣ ይደነግጥላቸዋል። ልክ የሆነ ልብስ ያላት የሷ ልጅ ብቻ ናት። ደኅና የምትመስል የሷ ልጅ ብቻ ናት። ማን አስመሰላት? መንገዱን እንዴት እንደጨረሰችው አታውቅም። ጫማ ጠጋኙ ምን ሆንሽ ሲላት አልፋው ገባች።

ልጅቷ ሥራ ላይ ነበረች። ልብሱ ታጥቦ ስለነበር በቅያሪ ነው የሄደችው። እትዬ መርፌ ግራጫውን ቀሚስ ከገመዱ አውርዳ ገለበጠችው። በየጎኑ አራት መስመር ስፌት፣ አንዱ ከአንዱ ወደ ውስጥ። እያንዳንዱ የእጇ ሥራ ነው፣ እያንዳንዱ ቀጥ ያለ፣ የሚያምር። ያልቆረጠችው ትርፍ ጨርቅ ውስጥ ለውስጥ ተጣጥፎ ሌላ ቀሚስ ሊወጣው ምንም አልቀረውም። ያ ሁሉ እጥፋት የልጅቷን ጎድን ሲፈገፍገው ነው የከረመው። የዚያን ሰሞን ልጅቷ ስትታጠብ ጎኗ ላይ ቀይ ሰንበር አይታ፣ ሳሙና ነው ብላ ነበር።

ከግድግዳው የልጅቷን አሮጌ ክር አወረደች። ቀዩን ጫፍ በቀሚሱ ወገብ ላይ አስይዛ አዞረችው። ክሩ ዞሮ መነሻው ላይ ደረሰ፤ ድርብ ቋጠሮው ግን ገና ነበር። አልፎ አንድ ሙሉ መዳፍ ቀረው። ሦስት ጊዜ ለካች። ሦስቴም ያው ነው። ክሩን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ምላጭ አንሥታ መተርተር ጀመረች። ሲተረትሩት እንዴት ቶሎ ያልቃል። አራቱንም ተረተረች፤ ጨርቁ የመጀመሪያውን ስፌት ቀዳዳ አልለቀቀም ነበርና በዚያው በቀዳዳው መልሳ ሰፋችው። በካውያ ተኮሰችው። ስፒሎቿንና የመርፌ ቁልፎቿን በሙሉ ሰብስባ በቆርቆሮ ከተተችና ቆርቆሮውን ወስዳ ጫማ ጠጋኙ ዘንድ አስቀመጠች። እሱም፣ ዛሬ ደግሞ ባዶ አፍሽን ልታወሪ ነው አላት፤ ፊቷን ሲያይ ግን ቀልዱን ተወው።

በማግስቱ የጸሎት ቀን ነበር። ድንቡሼ ቀሚሱን ስታጠልቀው እስከ እግሯ ድረስ አንድ ጊዜ ወረደላት። ወገቡ የት እንዳለ አይታወቅም፤ አንገቱ ወደ አንድ ትከሻዋ ሸርተት አለ።

"ምን አደረግሽው?"

"ወደ ልኩ መለስኩት።"

"አጥብቢልኝ እንጂ እማዬ፣ አረፍዳለሁ።"

"አላጠብብም። ቀሚሱ እንዳለ ነው። አንቺ ነሽ ወደሱ የምትመጪው።"

ልጅቷ ስፒል ፈለገች፣ አጣች። ቅያሪውን ልልበስ አለች፤ እሱን እናቷ ዘፍዝፋዋለች። ሌላ እንዳትለብስ ሌላውን ሁሉ ለሰው የሰጠችው ራሷ ናት። አለቀሰች፤ ጨካኝ ነሽ አለቻት፤ በሰው ፊት ልታዋርጂኝ ነው አለቻት። እትዬ መርፌ አልካደችም። ልብሷን በጭብጧ ሰብስባ ስትወጣ ከኋላ ከኋላዋ ተከተለቻት። ጫማ ጠጋኙ መዶሻውን እንደ ያዘ ቀረ። 

በጸሎቱ ሰዓት ስትነሣና ስትቀመጥ ልብሱ አብሯት አይነሣም፣ አብሯት አይቀመጥም። ሰው ያይና ዓይኑን ይሰብራል። ሲያልቅ አዛውንቱ ሰባኪ እንደ ልማዳቸው በር ላይ ቆመው ሁሉንም ይሰናበቱ ነበር። ድንቡሼ ተራዋ ደርሶ እጇን ስትሰጣቸው፣ አልለቀቋትም።

"ልጄ፣ የማን ልብስ ነው የለበስሽው?"

"የራሴ ነው።"

"መቼ የተሰፋ?"

"ስምንት ወሩ ነው።"

አዛውንቱ ያን የቀጠነ እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው እናቲቱን ቀና ብለው አዩዋት።  ከዚያ ከበሩ ውጪ የቆሙትን ትጉዎች አንድ በአንድ አዩ፤ ኮሌታውን፣ እጅጌውን፣ በቀበቶ የተሰበሰበውን ሱሪ። ከዓመት በላይ በየሳምንቱ የጨበጧቸውን ልጆች ነው እንደ እንግዳ የሚያዩት። እጇን ለቀቁና ወደ ጓሮው ሄዱ፤ ከግድግዳው ላይ ወረቀቱን አወረዱት። አልቀደዱትም፤ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይበርዳል ያልኩት እኔ ነኝ አሉ። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ግቢ ያለ እኔ ፈቃድ የሚጾም እንዳይኖር አሉ።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ እንዴት ጥሩ ነበር። ትንሹ መምህር በሳምንቱ ሰባት ልጆች ይዞ ወጣ። ለብ ያለ እምነት ይቅርብን ብለው አንድ ክፍል ተከራዩ፤ እዚያም አዲስ ወረቀት ተለጠፈ። ድንቡሼ አብራቸው ልትሄድ ተነሥታ ነበር። በዚያ ቀሚስ ግን አልፈለጓትም፤ ጉዳችንን ያወጣሽው አንቺ ነሽ ብለው ስሟን ሳይጽፉት ቀሩ። እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ መሳቢያውን ከፈተች። መድኃኒቱን የዋጠችው አምናበት ይሁን ተናድዳ እናቷ አትጠይቃትም። ከእናቷ ጋር አሥራ አንድ ቀን አልተነጋገረችም። ከዚያም በኋላ የምትናገረው የግድ የሆነውን ብቻ ነው፤ ውኃ አለ፣ በር ዝጊ። ምግቡን የምትበላው ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው፤ ስታኝከው የሆነ ሰው የምትቀጣ ትመስላለች።

ሁለት ወር ካለፈ በኋላ አንድ ከሰዓት፣ ፊቷን በነጠላ የሸፈነች ሴት እቃ በፌስታል ይዛ መጣች። የትንሹ መምህር እናት ነበረች። ከፌስታሉ ያን ሸሚዝ አወጣች።

"እባክሽ እህቴ፣ ኮሌታውንና ጎኑን አጥብቢልኝ" አለች። "ሲሄድ ሲመጣ ማየት አቃተኝ።"

እትዬ መርፌ ሸሚዙን ተቀብላ ገልብጣ አየችው። ለእጇ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነበር። መልሳ አጣጠፈችው።

"አላጠብብልሽም እህቴ። አልቅሺ፣ ግን ይታይ። እኔ አጥብቤ ነው የደረሰብኝ የደረሰብኝ።"

ሴትዮዋ ተቀየመች፤ ቀላል ሥራ ለምኜሽ አለች። እትዬ መርፌ ክር አወረደች፣ ቀይ ጨርቅ ቋጠረችበት፣ በሸሚዙ ኮሌታ ዙሪያ ለክታ ድርብ ቋጠሮ አደረገችበትና ሰጠቻት። በየሳምንቱ አንገቱ ላይ አዙሪው፣ ቋጠሮው የት እንደደረሰ ለሱም አሳይው፣ ከዚያ ሰባኪው አባባ ዘንድ ይዘሽው ሂጂ አለቻት። ሴትዮዋ ክሩን ይዛ ወጣች። ትጠቀምበት አትጠቀምበት ማን ያውቃል።

ድንቡሼ ከመጋረጃው ወዲያ ሆና ሁሉንም ሰምታ ኖሯል። ወጣች። ቀሚሱ አሁንም ሰፊ ነው፤ በአንድ እጇ ወገቡን ጨብጣ ይዛዋለች።

"እሱም ይወድቃል" አለች።

"ንገሪው።"

"እኔን አይሰማኝም። እኔ እሱን ስሰማው ነበር እንጂ እሱ እኔን ሰምቶኝ አያውቅም።"

እትዬ መርፌ የምትለው ነገር ነበራት፤ ብዙ ነበራት። ከጫማ ጠጋኙ የመለሰችውን ቆርቆሮ ከፍታ ስፒሎቿን በከንፈሯ ደረደረችና ወደ መኪናዋ ዞረች። ልጅቷ ከጠረጴዛው ላይ የጠዋቱን ደረቅ ዳቦ አነሣች። በአንድ እጇ ቀሚሷን እንደ ጨበጠች፣ መስኮቱ አጠገብ ቆማ፣ መንገዱን እያየች፣ ተናድዳ በላችው። እናቷ ቀና ብላ አላየቻትም። ፔዳሉን ረገጠች።